ሳንቲም ልንጠይቅ ገብተን ስለ ባቄላ አውርተን እንወጣለን

ሚዛን (ደብረ ብርሃን)፣ ኅዳር 4፣ ጠዋት 2:10

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ትንሽ ላማርር ነው የመጣሁት።

ትናንት ማታ አንዲት ነገር ስፈልግ ሁለት ሰዓት ሙሉ አጠፋሁ። የፈለግኩት ስለ ክቧ ስሙኒ ነው። የ1936ቷ፣ ጠርዟ ያልተሸነሸነው። ጋሽ አንኮበሬው ከዓመት በፊት ቁጭ ብለው በደንብ ጽፈውላት ነበር። የት ይመስላችኋል የጻፉት? «ዘንድሮም ባቄላውን ውርጭ በላው» በሚል ርዕስ ስር። በአንድ የበግ ፎቶና በአንድ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» መሃል።

ወሬ ጠልቼ አይደለም። እኔም አወራለሁ። ግን እዚህ የተሰበሰብነው የቆየ ገንዘብና ቴምብር ወደን ነው። ያለፈውን ሳምንት ቆጠርኩት። አርባ ሁለት ጽሑፍ ወጥቷል። ሳንቲም የተነሳባቸው ስድስት ናቸው። የቀረው ስለ ብርድ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ እገሌ ሠርግ፣ ስለ ጋሽ አንኮበሬው ጉልበት ነው።

ሐሳቤ ይኸው። «የቡና ሰዓት» የሚባለው ክፍል ይዘጋ። ካልሆነም እዚያ የተጻፈ ሁሉ በሳምንቱ ይጥፋ። ምን ትላላችሁ?

የመንዝ ባና (መሐል ሜዳ)፣ ጠዋት 2:25

ቆጠርከው? ሚዛን፣ እውነት ቁጭ ብለህ ቆጠርከው?

ሳንቲም ብቻ ይወራ ከተባለ እኔ በዓመት አራት ቀን ነው የምገባው። መሐል ሜዳ ላይ ጠገራ ብር፣ ማርያ ቴሬዛው፣ እንደ ዝናብ አይወርድም። ባለፈው አንዲት እናት ገበያ ላይ አንገታቸው ላይ አስረውት አየሁ። «ይሸጡታል?» ስላቸው «አንቺ እናትሽን ትሸጫለሽ?» አሉኝ። በቃ። የዘንድሮ የሳንቲም ዜናዬ ይኸው ነው፣ አለቀ። በቀረው ጊዜ ስለ በግ ላውራበት።

አንኮበሬው (አንኮበር)፣ ጠዋት 3:40

ልጄ ሚዛን፣ እንደምን አደርክ። ጉልበቴ ደህና ነው፣ ስላነሳኸው አመሰግናለሁ።

መጀመሪያ የፈለግኸውን ልስጥህ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ አዲሱ ገንዘብ ሲመጣ ሳንቲሞቹ ሁሉ 1936 ተጻፈባቸው። ባለ አንድ፣ ባለ አምስት፣ ባለ አስር፣ ስሙኒና ሽልንግ። ስሙኒዋ መዳብ ናት፣ ሽልንጓ ብር። መጀመሪያ የወጣችው ስሙኒ ድፍን ክብ ነበረች። መጠኗ ከሽልንጓ ጋር ስለሚቀራረብ ጣጣ መጣ። ላይዋን ብር ያስመሰላት ሰው ሃያ አምስቱን በሃምሳ ይሰጥልሃል። ስለዚህ ጠርዟ ተሸነሸነ። ከዚያ ወዲያ ጨለማ ውስጥ እንኳ በጣትህ ዳብሰህ ትለያታለህ። ሰብሳቢ የሚሮጠው ለክቧ ነው፣ ምክንያቱም ብዙም ሳትቆይ በሽንሽኗ ተተካች። ደግሞ ልብ በል፣ ሽንሽኗም 1936 ነው የምትለው። ለዓመታት እየተመታች ቀኑ ግን አልተነካም።

አሁን ወደ ክርክርህ። አያቴ አልዩ አምባ ይወርዱ ነበር። ከአንኮበር ቁልቁል ነው። የኔ ጉልበት ዛሬ አይሞክረውም። በጥንቱ ዘመን ከታጁራ በኩል የሚመጣው ቅፍለት የሚራገፍባት ገበያ ናት። አያቴ ሲያወጉ፣ እዚያ ገበያ ማንም ብሩን ቀድሞ አያወጣም ነበር። መጀመሪያ ሰላምታ ነው። ከብቱ እንዴት ነው? ዝናቡ ጣለ ወይ? ታሞ የነበረው ልጅ ዳነ ወይ? ጥላ ስር ቁጭ ተብሎ ቆሎ ይቆረጠማል። ጠገራው ከመቀነት የሚፈታው መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ ብሩ ላይ ምስሏ ያለው ሴትዮ፣ የማርያ ቴሬዛ፣ ጌጥ ይታያል፣ ዶቃው ይቆጠራል። ዘጠኝ ካልሞላ አይቀበሉትም።

ሰውየውን ግን በወሬ ቀድመው ቆጥረውታል። አንተ ዶቃውን ብቻ እንቁጠር ነው የምትለው።

ሎሚና አመድ (ደብረ ብርሃን)፣ ጠዋት 4:15

ስሜን ያወጣችሁልኝ እናንተ ስለሆናችሁ መናገር አለብኝ።

እኔ የሀዋሳ ልጅ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ እዚህ ሲደርሰኝ ብርድን የማውቀው በቲቪ ነበር። ይህን ገጽ ሦስት ወር እያነበብኩ ዝም አልኩ። እናንተ ስለ ጠርዝ ጽሑፍና ከሴትዮዋ ምስል ስር ስላሉት ሁለት ፊደላት ስትከራከሩ እኔ ምን ብዬ ልግባ? አንድ ሌሊት ዶርም ውስጥ እግሬ ደነዘዘ። ተነስቼ የቡና ሰዓት ላይ «ባና የት ይገዛል?» ብዬ ጻፍኩ። ሳልተኛ ሰባት መልስ መጣ። አንዱ «በጋዜጣ ጠቅልለሽ ተኚ» ይላል፣ እሱን እንርሳው። እትዬ የመንዝ ባና ራሳቸው አፈላልገው ላኩልኝ። ባናው ከነበግ ሽታው ነው የመጣው። አንድ ወር ሙሉ ሕልሜ ሁሉ ስለ በግ ነበር።

ያን ሰሞን ነው ደፍሬ የልቤን የጠየቅሁት። አያቴ ሲያርፉ አንድ ጠገራ ብር ለኔ ብለው ትተውልኝ ነበር። ጠቁሮ አየሁትና በሎሚና በአመድ ፈተግሁት። እንደ መስታወት አበራ። ኮርቼ ፎቶውን ለጠፍኩ። ጋሽ ሚዛን «ወይኔ» ብቻ ብለው ጻፉ። በኋላ ነው የገባኝ። ጥቁረቱ ብሩ ራሱ በዕድሜ ብዛት ያወጣው ቀለም ኖሯል። ሲፈተግ ላዩ ይላጣል፣ ጭረት ይቀራል፣ ዋጋውም አብሮ ይሄዳል።

ባናውን ባልጠይቅ ሎሚውን አልጠይቅም ነበር። ይኸኔ በየበዓሉ እየፈተግሁት ነበር።

ሚዛን፣ ጠዋት 4:40

ጥሩ። አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ ልጄ። ስለ መፈተግ ያ ሁሉ ምክር አሁን የት ነው ያለው? «ባና የት ይገዛል?» ስር ነው። ነገ አያቱ ጠገራ የሚያወርሱት ሌላ ልጅ እዚያ ገብቶ ይፈልገዋል? አይፈልግም። ሄዶ ሎሚ ይገዛል።

ሌላም ልጨምር። አምና አንድ ልጅ «1780 የሚል ጠገራ አገኘሁ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው ተባልኩ» ብሎ የሁለት ወር ደሞዙን ሊከፍል ነበር። ይህን ነገር እዚህ ሺህ ጊዜ ተናግረናል። ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በፈረንጅ 1780 ነው። ከዚያ ወዲህ ያ ቀን ሳይነካ ብሩ ሲመታ ኖረ። በፈረንጅ 1935 ጣሊያን መምቻውን ከኦስትሪያ ተቀብሎ ሮም ላይ መታ። እንግሊዝም ተከትሎ ለንደን ላይ መታ። ሁሉም 1780 ነው የሚለው። ቀኑ ስለ ዕድሜው ምንም አይነግርህም። ሚዛን ላይ 28 ግራም ከትንሽ ይመዝናል። ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። ጠርዙ ላይ ጎላ ጎላ ያለ የላቲን ጽሑፍ አለ። እነዚህን ሳታይ ገንዘብ አታውጣ። በቃ ይኸው ነው። ልጁ ግን አላገኘውም። የድንች ዘር ወሬ ውስጥ ቀብረነዋል።

ወሬው ይጥማል፣ እሺ። ሰው ገንዘቡን ሲጭበረበርስ?

የመንዝ ባና፣ ጠዋት 4:48

ይሄኛው ነካኝ። እውነትህን ነው።

ግን ልጁ ከፈለ?

ሚዛን፣ ጠዋት 4:50

አልከፈለም።

የመንዝ ባና፣ ጠዋት 4:51

ማን አስጣለው?

ሚዛን፣ ጠዋት 4:58

እኛው። ደሞዝ ዘገየብኝ ብሎ ሲያማርር ነገሩ ወጣ።

የመንዝ ባና፣ ጠዋት 4:59

የት ነው ያማረረው?

ሚዛን፣ ጠዋት 5:20

የቡና ሰዓት ላይ።

የመንዝ ባና፣ ጠዋት 5:21

ሃሃሃሃሃ። ሄድኩ፣ ክፍል አለኝ። ተማሪዎቼ ለምን እንደምስቅ እየጠየቁኝ ነው።

አላድ (ዓለም ከተማ)፣ ቀን 6:30

እኔ ከሚዛን ጋር ነኝ፣ ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። በግና ባቄላ ምንም አላደረጉኝም። ወሬ ግን በግ ላይ አይቆምም። ሁለት ጎበዝ ሰዎች በአንድ ማታ ጥለውን የሄዱት በምን እንደሆነ ረሳችሁት? ስለ ሳንቲም ተጣልተው አልነበረም። አንዱ ስለ ፖለቲካ አንድ መስመር ጣለ፣ ሌላው መለሰ፣ ሌሊቱን ሙሉ ተሰዳደቡ፣ በነጋታው ሁለቱም የሉም። አንደኛው ስለ ምኒልክ ብሮች የሚያውቀውን እዚህ ማናችንም አናውቅም። በ1887 የወጣውንና በ1889 የወጣውን ከሩቅ ነበር የሚለየው። ይዞት ሄደ። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ለአንድ ማታ ጨዋታ ብለን እንዲህ ያለ ሰው አጣን። ይህን ማን ይቆጥረዋል?

ጥሩም ነገር አለው፣ አልክድም። በ2013 መስከረም ብሩ ሲቀየር እኔ እርሻ ላይ ነበርኩ። ከአሮጌው ኖት ለስብስብ የሚሆን ንጹሕ ንጹሑን ሳላስቀር ሁሉንም ባንክ ላስገባ ስል ያስታወሰኝ የቡና ሰዓት ነው። ስለ መኸር እያወራን አንድ ሰው «ባለ አስሯን አንድ አስቀር» አለኝ። አስቀረሁ። እና እኔም ግራ ገብቶኛል ማለት ነው።

የዋሻው ሾፌር (መንገድ ላይ)፣ ከሰዓት 8:05

ምሳ ላይ ነኝ፣ ደብረ ሲና። አነበብኩ።

እኔ ስለ ሳንቲም ምንም እንደማላውቅ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንድም አልሰበሰብኩም። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ተሳፋሪ ስልኩን አሳየኝ። እዚህ ላይ «ጣርማበር ጭጋግ አለ?» የሚል ጥያቄ ነበር። ሁሉም ይገምታል። አንዱ ከመሐል ሜዳ ሆኖ ይገምታል! እኔ ከዋሻው ወጥቼ ገና አምስት ደቂቃዬ ነው። አልቻልኩም፣ ተመዝግቤ «አለ፣ መብራት አብሩ» ብዬ መለስኩ። እንዲህ ነው የገባሁት።

ከዚያ አንዱ «መንገድህ ከሆነ ይህችን አድርስልኝ» አለ። በትንሽ ወረቀት የተጠቀለለች ነገር። ሌላውም ቀጠለ። አሁን ከደብረ ብርሃን እስከ አጣዬ የናንተን ዕቃ የማላመላልስበት ሳምንት የለም። ደረሰኝ የለም፣ ፊርማ የለም። ቆሎ ከረጢት ውስጥ ይከተታል፣ ቆሎው ለኔ ነው፣ ሳንቲሙ ለባለቤቱ። አንድ ቀን ፍተሻ ላይ «ምን ይዘሃል?» ስባል «ቆሎ» አልኩ። ቆሎው ሲነቀነቅ ጮኸ። ጋሽ አንኮበሬውን በስልክ አገናኝቼ አንድ ሰዓት አስረዱላቸው። ፈታሹ በመጨረሻ የአያቱን ሽልንግ ዋጋ ጠየቃቸው።

ኔት ጠፍቶ በነበረ ጊዜ ደግሞ የቡና ሰዓት እኔ ነበርኩ። እትዬ ፖስታ ደብዳቤ ይሰጡኛል፣ ለመሐል ሜዳ የሚሄድ ሰው ፈልጌ እሰጣለሁ። ከመሐል ሜዳ ደግሞ «በጓ ወለደች በላቸው» ይባላል። አድርሻለሁ። መንታ ነበር።

ተሳፋሪ ሞላ። ሄድኩ።

እትዬ ፖስታ (እነዋሪ)፣ ከሰዓት 9:10

ደብዳቤዎቹን ስላደረስክ እግዜር ይስጥልኝ የኔ ልጅ።

እኔ የሳንቲም ሰው አይደለሁም። ቴምብር ነው የኔ ነገር። ስጀምር ልጅ ነበርኩ፣ አባቴ ፖስታ ቤት ነበር የሚሠሩት። እጄ የገባውን ፖስታ ሁሉ ሙቅ ውሃ ውስጥ እየነከርኩ ቴምብሩን እነቅል ነበር። ፖስታው ወደ ምድጃ። ቴምብሮቼ በመልክ በመልካቸው ተደርድረው ሲታዩ ልቤ ይሞላ ነበር።

አሁን ሳስበው አንጀቴ ያራል። አዋቂ ሰብሳቢ ቴምብሩን የሚፈልገው ከነፖስታው ነው። ማኅተሙ የት ከተማ ተመታ? ለማን ተላከ? በየት በኩል አለፈ? የምኒልክን ቴምብሮች ውሰዱ። የመጀመሪያዎቹ በ1887 ነው የወጡት፣ ፓሪስ ታትመው። አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት የገባችው ግን በ1901 ነው። እስከዚያ ድረስ ወደ ውጭ ለሚሄድ ደብዳቤ የኛ ቴምብር ብቻውን አይበቃም። በጅቡቲ በኩል ሲያልፍ የፈረንሳዮቹም ይለጠፍበት ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን ያሉበት ፖስታ ዛሬ እንደ ዓይን ብሌን ይጠበቃል። ነቅሎ ለየብቻ ያስቀመጣቸው ሰው እጁ ላይ የቀረው ሁለት ቁራጭ ወረቀት ነው።

ሚዛን፣ የጋሽ አንኮበሬውን ስሙኒ ከባቄላው ነቅዬ ለብቻው ላስቀምጥ እያልክ ነው። እባክህ ውሃውን አታሙቅ።

ሎሚና አመድ፣ ከሰዓት 9:14

እትዬ ፖስታ... ይህን ግድግዳዬ ላይ እጽፈዋለሁ።

አላድ፣ ከሰዓት 9:30

ጥሩ ነገር ነው የተናገሩት። ግን እትዬ፣ ፖስታውም ቢሆን አልበም ውስጥ ይገባል እኮ። ምድጃ ስር ከእንጨት ጋር አይቆለልም። ሚዛን የሚለው እሱን ነው።

እትዬ ፖስታ፣ ከሰዓት 9:45

እሱም አለ። አልተከራከርኩህም።

ባዶ አልበም (አጣዬ)፣ ማታ 1:20

ብዙ እንደማልጽፍ ታውቃላችሁ። ዛሬ ግን ቀኑን ሙሉ ስልኬን ሳነሳና ሳስቀምጥ ዋልኩ።

በ2013 አጣዬ ስትቃጠል ቤቴም ሄደ። አልበሙ ፕላስቲክ ነበር። ቀልጦ ሳንቲሞቹ ላይ ተጋግሮ አንድ ጥቁር ድንጋይ ሆኖ ነው ያገኘሁት። አሁንም አለ። ልጄ በር ማስደገፊያ አድርጎታል። ኖቶቹና ቴምብሮቹ አመዳቸውም አልተገኘም።

ደብረ ብርሃን ተሰደን ተቀምጠን ስልኬን ቻርጅ ባደረግሁ ቀን እዚህ ገባሁ። ሌላው ክፍል ሁሉ የሳንቲም ፎቶ ነው። ማየት አልቻልኩም። የቡና ሰዓት ገብቼ «ደህና ነኝ» ብቻ አልኩ። ስንት ሳንቲም ጠፋብህ ያለኝ ሰው የለም። «ልጆቹ የት ነው የሚያድሩት?» ተባልኩ። በማግስቱ አንድ ሰው ሁለት ብርድ ልብስ ተሸክሞ መጣ። ወፍራሙ፣ የፋብሪካው። ስሙን አልነገረኝም። ቁጭ ብሎ ስለ ብርድ ብቻ አወራኝ። ሊሄድ ሲነሳ ከኪሱ ትንሽ የሳንቲም መመዘኛ ወደቀች። ያኔ አወቅሁት።

ከዚያ ወራት ሙሉ እዚህ ስለ ምንም ስለ ምንም ነው ያወራሁት። ስለ ዝናብ። ስለ ልጆቹ ትምህርት። አንድ ማታ እትዬ ፖስታ ስለ አንድ አሮጌ ደብዳቤ ሲያወሩ ሳላስበው «እኔም አንድ ነበረችኝ» አልኩ። በዚያው ቀጠልኩ። አሁን የ1936ቱ ስብስብ ሊሞላ ነው። ሽልንጓ ብቻ ቀርታለች። ሌላውን ሁሉ የላካችሁልኝ እናንተ ናችሁ፣ ዋጋ የጠራ ሰው የለም።

ካላችሁ ይዘጋ። ብቻ ሌላ ጊዜ «ደህና ነኝ» የምለው የት ገብቼ እንደሆነ ንገሩኝ።

ሚዛን፣ ማታ 2:50

ብርድ ልብሱ የእህቴ ነበር። እስከዛሬ ትጠይቀኛለች።

የመንዝ ባና፣ ማታ 2:52

ሚዛን፣ ዛሬ ማታ ሌላ ምንም አትጻፍ። ይበቃል።

አስተዳዳሪ፣ ኅዳር 5፣ ጠዋት 1:30

እንደምን አደራችሁ። ዛሬ ማለዳ በረንዳዬ ላይ ያለው የባልዲ ውሃ በረዶ ሠርቶ ነበር። ይህን ለመናገር ሌላ ቦታ ስለሌለ እዚሁ ጻፍኩት።

የቡና ሰዓት አይዘጋም። የተጻፈውም አይጠፋም።

አላድ ያነሳው ግን ልክ ነው። ፖለቲካ ክልክል ነው፣ ድሮም ነበር። እኔ ነኝ የተኛሁት። ከአሁን በኋላ የመጀመሪያዋን መስመር ሳይ አነሳታለሁ፣ ሁለተኛዋን አልጠብቅም። የሄዱትን ሁለቱን በየግላቸው አነጋግሬያለሁ። አንደኛው ሊመለስ ይችላል። የትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም።

ሌላው፣ ጨዋታ ላይ ስትሆኑ አንዳንዴ እየተረሳ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የወጣ ነገር፣ መስቀልም ይሁን ብራና፣ እዚህ አይጠየቅም፣ አይሸጥም። ለቀልድም አይነሳም። የቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992 ነው፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ያስከስሳል። እኛ የሰው እናት አንገት ላይ ያለውን ጠገራ እንኳ በማክበር የምንጠይቅ ሰዎች ነን። (የመንዝ ባና፣ የሴትዮዋን መልስ ወድጄዋለሁ።)

የሚዛን ችግር ግን አልተፈታም። የጋሽ አንኮበሬው ስሙኒ አሁንም ባቄላ ውስጥ ናት። ማን ይፈልጋት? እኔ ጊዜ የለኝም።

ሎሚና አመድ፣ ጠዋት 2:05

እኔ ሐሳብ አለኝ። ወሬው እንዳለ ይቀመጥ። ከወሬው መሃል ቁም ነገር ሲወጣ ጻፊው ወይም ያነበበው ሰው ስሩ አንድ ቃል ይጻፍበት። ፍለጋው ላይ ያ ቃል ሲገባ ሁሉም ተሰብስቦ ይመጣል። ምንም አይነቀልም።

ቃሉ «ሚዛን» ይሁን ልል ነበር።

አንኮበሬው፣ ጠዋት 2:20

አይሆንም ልጄ። «ሚዛን» ብለሽ ስትፈልጊ እሱ ያማረረው ሁሉ ነው ተንጋግቶ የሚመጣው።

«ዘጠኝ ዶቃ» ይሁን። ማንም በሌላ ወሬ መሃል ይህን አይልም።

አላድ፣ ጠዋት 2:24

ዘጠኝ ዶቃ። በጣም አሪፍ።

ሎሚና አመድ፣ ጠዋት 2:31

ጀመርኩ። የባናው ወሬ ውስጥ ገብቼ የራሴን ጥፋት ስር ጽፌዋለሁ፦ ሳንቲም በሎሚና በአመድ አይፈተግም። ዘጠኝ ዶቃ።

የመንዝ ባና፣ ጠዋት 2:40

ዛሬ መሐል ሜዳ ውርጭ አልጣለም። ዘጠኝ ዶቃ።

ሚዛን፣ ጠዋት 2:41

ይህ ሳንቲም አይደለም።

የመንዝ ባና፣ ጠዋት 2:42

ባቄላ ለዘራ ሰው ከሳንቲም ይበልጣል።

ሚዛን፣ ጠዋት 2:44

አስተዳዳሪ፣ ተመልከት፣ ገና በመጀመሪያው ቀን።

አስተዳዳሪ፣ ጠዋት 2:50

አይቻለሁ። ሚዛን፣ እንግዲህ አጣሪው አንተ ነህ። ያለ ቦታው የገባውን ዶቃ ታነሳለህ። የድሮዎቹንም ከባቄላው ጀምረህ ፈልግ። ጋሽ አንኮበሬው ይረዱሃል።

ሚዛን፣ ጠዋት 3:30

ይህ ሥራ እንዴት ወደ እኔ እንደዞረ አልገባኝም። እሺ።

ከባቄላው ጀመርኩ። ሦስት ዓመት የቆየ ወሬ ነው። በነገራችን ላይ ብዙ ረስቻለሁ። እኔ ራሴ እዚህ ውስጥ ስለ ድንች ዘር አሥራ አንድ ጊዜ ጠይቄያለሁ። ስለ ክቧ ስሙኒ ሁለት ጊዜ ነው የተጻፈው፣ ሁለተኛውን ጋሽ አንኮበሬው ራሳቸው አያስታውሱትም። እዚያው መሃል ደግሞ ስለ 1969ኙ ሳንቲሞች አንድ ሰው የጻፈው አለ። ባለ አንዷ ላይ ገበሬው በበሬ ሲያርስ፣ ባለ አስሯ ላይ ኒያላው። ከስሩ «የእኛ በሬ ከሱ ይከሳል» የሚል መልስ አለ። ነቅዬ ልወስደው አልቻልኩም። እንዳለ ተውኩት፣ ስሩ ዘጠኝ ዶቃ ብያለሁ።

ባዶ አልበም፣ ሽልንጓን ገና አላገኘሃትም? ሁለት አሉኝ። አንደኛዋ ጠርዟ ላይ ትንሽ ተመትታለች፣ ሌላዋ ንጹሕ ናት። ጠቁራለች፣ አልፈተግኳትም። ንጹሕዋን ውሰድ።

ባዶ አልበም፣ ጠዋት 3:52

የተመታችውን ላክልኝ። ከበር ማስደገፊያው ጋር ትስማማለች።

ሚዛን፣ ጠዋት 3:55

ሁለቱንም እልካለሁ።

የዋሻው ሾፌር፣ ጠዋት 4:20

ነገ 12 ሰዓት ተኩል ከመናኸሪያ እወጣለሁ፣ አጣዬ ድረስ። ጣርማበር ጭጋግ ከሌለ ቀን ላይ እደርሳለሁ። ሚዛን፣ ቆሎው ሱፍ ይኑረው። ባለፈው ገብስ ብቻ ነበር።